ጋሼ ሰይድ የካዱት ብርሃን

«ካሜራውን ፀሐይ ላይ ትቶት ተቃጥሎ ነው!» አሉ እትዬ ዘይነባ፣ የእህቴ የሠርግ ቪዲዮ ገና እንደተከፈተ ጠርዙ ላይ ቀይ ብርሃን ሲያዩ።

ሳሎን ሙሉ ሽማግሌ አፈጠጠብኝ። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ መቼም የማትከሰስበት ወንጀል የለም።

እትዬ፣ ቃጠሎ አይደለም። ላይት ሊክ ይባላል። የድሮ ፊልም ብርሃን ሲገባበት ጠርዙ እንደሚቀላው እንዲመስል፣ ኤዲት ሳደርግ ሆን ብዬ የደረብኩት ነው።

ያስደረቡኝ ደግሞ አጎቴ ጋሼ ሰይድ! ትናንት አጠገቤ ተቀምጠው «ጨምርበት እንጂ፣ የኛን ዘመን ያስመስለዋል» ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ዛሬ ግን የራሳቸውን ልጅ ሠርግ እንድቀርጽላቸው ሊያነጋግሩኝ ከጀውሃ የመጡ እንግዶች ፊት፣ ጢማቸውን እያሻሹ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«እኔማ ጥላ ሥር አስቀምጠው ብዬው ነበር። የዛሬ ልጅ ምክር አይሰማም።»

እንግዶቹም «እስቲ እናስብበት» ብለው ሄዱ።

ጋሼ ሊወጡ ሲሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ፦ «ለኔ በቴሌግራም ስትልክልኝ ያችን ቀይ ብርሃን እንዳትቀንሳት።»

ላክኩላቸው። እንደ ምክራቸው ቪዲዮውን ሙሉ በኤዲት ጥላ ሥር አድርጌዋለሁ፤ ከጨለማ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

እናንተስ፣ አብሯችሁ አብስሎ ሰው ፊት «ከነጭራሹ አልቀመስኩም» ያለ ዘመድ አላችሁ? አውሩኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።