መዶሻ ላፕቶፕ የከፈተ ቀን

ጎረቤታችን ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ በሰፈሩ የሚጠራው ግን መዶሻ ተብሎ ነው። መዶሻ ይዞ ስለሚዞር እንዳይመስላችሁ። ምን ያደርግለታል? እጁ አለለት። እሱ ያጠበቀው ቧንቧ አያፈስም፤ እሱን የማይወዱትም ይህንን ይመሰክራሉ። ችግሩ፣ እሱ ያጠበቀው ቧንቧ አይከፈትምም። አንድ ቤት ውስጥ ጎልማሶች ተሰልፈው ከአንዲት የማጠቢያ ቧንቧ ጋር ግብ ግብ ሲገጥሙ ካያችሁ፣ መዶሻ በዚያ ቤት አልፏል ማለት ነው።

በገዛ ቤቱ አዋጅ ወጥቶበታል። አዋጁን ያወጣችው ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ናት። በቃል የተነገረ አዋጅ ቢሆንም፣ በወረቀት ታትመው ከተለጠፉት ብዙ ሕጎች ይልቅ ይከበራል። በዚህ አዋጅ መሠረት መዶሻ የስፌት መኪናዋን አይነካም፣ ክዳን ያለው ጠርሙስ አይከፍትም፣ የሬዲዮኑን ማዞሪያ አይጠጋም፤ ላፕቶፑ ያለበትን ጠረጴዛ ደግሞ ዞር ብሎ ነው የሚያልፈው። እንዲህ ያለ ሕግ ከሰማይ ዱብ አላለም። ሰውየው አንድ ጊዜ የስፌት መኪናዋን መርፌ «እንዳይላላብሽ» ብሎ ሲያጠብቅ ብሎኑን ከአንገቱ ቆርጦታል። የሬዲዮኑንም ማዞሪያ ነቅሎ በእጁ ይዞ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሬዲዮኑ የአየር ጠባዩንም የሐዘን ማስታወቂያውንም በአንድ ዓይነት ጩኸት ያስተላልፋል።

ክፋት የለበትም። ሚስቱን ይወዳል፤ ፍቅሩን የሚገልጸው ግን በማጥበቅ ነው።

ወደ ላፕቶፑ እንምጣ። ከቁልፎቹ ላይ ፊደሉ ተፍቆ አልቋል፤ የክዳኑ አንድ ወገን ስለተሰበረ በተማሪ ቀሚስ ላስቲክ ታስሯል። ሴትየዋ ጠዋት ትከፍተውና ካውያዋን ልታሞቅ ትሄዳለች፤ ሁለት ሸሚዝ ተኩሳ ስትመለስ ገና እያሰበ ታገኘዋለች። በዚህ ዕቃ ነው ቅድ የምትሠራው። ቅድ ማለት፣ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት የእጅጌው፣ የአንገቱ፣ የጀርባው ቅርጽ ተለክቶ የሚሳልበት ነው። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ትከሻና ወገባቸው እዚያ ውስጥ ተቀምጧል።

ኢንሹራንስ ቤት የምትሠራው ልጃቸው ግን የአዲስ ግዢ ሃይማኖት ተከታይ ናት። ይህ ሃይማኖት ባለፈው ወር የተገዛ ዕቃ እስከ ዛሬ ይዞ መቆየትን እንደ ኃጢአት ይቆጥራል። ነጋዴዎቹ ካህናቱ ናቸው፤ ስብከታቸውም አንድ ነው፦ ጫማህ አርጅቷል፣ ስልክህ አርጅቷል፣ አንተም ብትሆን ብዙ አይቀርህም።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ለሙዚየም ነው። አዲስ ልግዛልሽ» ትላለች።

«ግዢ። ቅዱ ይከፈትበታል?»

 የቅዱ ፕሮግራም አዲስ ኮምፒዩተር ላይ እንደማይነሳ ልጅቱ ራሷ ሞክራ አይታዋለች። ፕሮግራሙን የሠራው ሰውዬ ደግሞ ሙያውን ጥሎ ዛሬ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይሸጣል። ደውለውለት ነበር። በር ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቃቸው።

ነገሩ የከረረው ዩኒፎርም የምትሰፋለት የሰፈሩ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ለአዲሱ ዓመት ዩኒፎርም በትልልቁ ልክ አዲስ ቅድ ስትጠይቅ ነው። «እስከ ሰኞ ካላደረስሽልኝ ማዶ ላሉት እሰጣለሁ፤ አትቀየሚኝ» አለች። ማዶ ያሉት ከሱቃቸው የሚበልጥ ማስታወቂያ የሰቀሉት ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ሴትየዋ ተቀምጣ ትልቁን ልክ ስትከፍት ላፕቶፑ ደረቀ፤ ቢነኩት አልንቀሳቀስ አለ። አጥፍታ ከፈተችው፤ ደግሞ ደረቀ። የዩኒፎርሙ ሥራ ከሄደ የዓመቱ ሥራዋ ሄደ ማለት ነው፤ የቀረው ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ነው።

ቤተሰቡ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ራም የሚባለው የማስታወሻ ካርዱ ጉልበት አንሷል፣ ዲስኩም አዝግሟል፤ ሁለቱ በአዲስ ቢቀየሩ ዕቃው ነፍስ ይዘራል ተባለ። ጥገና ቤት ሲጠየቅ «ሳምንት ይተዉልን» አለ። ሴትየዋ «ሰኞ ነው ያልኳችሁ! ደግሞስ የሰው ልጅ ገላ ልክ ያለበትን ዕቃ ማንም ጋ ጥዬ አልመጣም» አለች። እንግዲህ ማን ይቀይረው? ልጅቱ ብሎን ፈትታ አታውቅም። እናትየዋ ካለመነጽር አታይም፤ በመነጽር ደግሞ የብሎኑን ማነስ አይታ መንካት ትፈራለች።

«እኔ አለሁ አይደል?» አለ መዶሻ።

 ቧንቧው እንኳ መንጠባጠቡን ያቆመ መሰለ፤ ለነገሩ የእሱ ቧንቧ ድሮም አይንጠባጠብም።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቱ በመጨረሻ፣ «ይሄ ብረት አይደለም። ይሄ እንጀራዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«በቀስታ ነው።»

«በቀስታ።»

አቋም ተያዘ፤ ውሳኔው በሦስት ድምፅ፣ ከነዚህም አንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ ጸደቀ።

አርብ ማታ ራሙንና ዲስኩን ሊገዛ ሄደ። ሻጩ የሰውየውን ጣቶች አይቶ ዕቃውን ሳይሰጠው ትንሽ አመነታ። «ጋሼ፣ ይህን ነገር እንቁላል ነው ብለው ይያዙት። ከመንካትዎ በፊትም ብረት ይንኩ፣ በሰውነትዎ ያለው ኤሌክትሪክ እንዳያቃጥለው» አለው። መዶሻ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሁለቱን ትንንሽ ሳጥኖች እንደ አራስ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቱ አዲሱን ዲስክ በገመድ አገናኝታ፣ በአሮጌው ላይ ያለውን ሁሉ ወደ እሱ ገለበጠች። ከምሳ በኋላ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ ተዘረጋ። መዶሻ ብረት ንካ ስለተባለ ወጥ ቤት ሄዶ ራሱ የተከለውን ቧንቧ ጨብጦ መጣ። ልጅቱ ከስልኳ ላይ መመሪያውን እያነበበች ታዘዋለች፤ ሚስቱ የሚፈታውን ብሎን እየተቀበለች በስፒል መሰኪያ ትራስዋ ላይ በተራ ትደረድራለች።

«በቀስታ፣ አባዬ።»

«እሺ።»

«በቀስታ አልኩህ!»

«ገና አልነካሁትም እኮ!»

የጀርባው ክዳን ሲነሳ ሦስቱም ጎንበስ አሉ። ማራገቢያው አይታይም። በቦታው የጨርቅ ብናኝ እንደ ትራስ ተጠቅጥቆበታል፤ አንዱ ድርብ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ፣ ከታች ደግሞ አረንጓዴ።

«አረንጓዴው» አለች ሴትየዋ በስስ ድምፅ፣ «ዩኒፎርሙ ከመቀየሩ በፊት ነው። አንቺ የለበስሽው።»

«ይሄን ነው ስትተነፍሺ የነበርሽው?»

«እሱም እኔም።»

መዶሻ ብናኙን በስዕል ብሩሽ ጠረገው፤ እንዲህ አድርጎ ግድግዳ ቢቀባ ኖሮ አንዱን ክፍል እስካሁን አይጨርስም ነበር። አሮጌውን ዲስክ አውጥቶ አዲሱን አስገባ። አሮጌውን ራም አውጥቶ አዲሱን በሁለት ጣቱ ያዘ። ትንፋሹን ዋጠ። ልጅቱ ስልኳን አየች፣ የአባቷን አውራ ጣት አየች፣ ደግሞ ስልኳን አየች።

«እዚያች ቀዳዳ ላይ በቀስታ ታስቀምጠዋለህ» አለች።

አስቀመጠው። ቢራቢሮ ብታርፍበት ከዚያ በላይ በተጫነችው ነበር።

ክዳኑን ሳይገጥሙ ገለበጡትና ማብሪያውን ነኩ። አንዲት ትንሽ መብራት ብልጭ አለች። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ጠበቁ። ብልጭ። ጥቁር። አጥፍተው እንደገና አበሩት። ጥቁር።

የሚስቱም የልጁም ዓይን ቀስ ብሎ የሰውየው እጅ ላይ አረፈ። እሱም የራሱን እጅ አየ፤ የሌላ ሰው ወንጀለኛ እጅ በአደራ የያዘ ይመስል።

«አባዬ፣ ምን አደረግከው?»

«ምንም! አልተጫንኩትም እኮ! እንቁላል ነው የተባልኩት፣ እንደ እንቁላል ያዝኩት!»

«እሺ፣ ማንም አልወቀሰህም» አለች ሚስቱ። አለመውቀስዋ ነው የባሰበት። የስፌት መኪናው ብሎን የተቆረጠ ዕለት ጮሃበት ነበር፤ ሰው የሚጮኸው ተስፋ ሲኖረው ነው። መዶሻ ተነሥቶ ወጥ ቤት ገባ፤ ቧንቧውን ከፈተ፣ እጁን ታጠበ። የቆሸሸ ነገር አልነበረውም።

ሴትየዋ መነጽርዋን አድርጋ፣ ዕቃውን መልሳ ገልብጣ ወደ ሆዱ አጎነበሰች። ስለ ኮምፒዩተር የምታውቀው የለም። ሁለት ጫፍ እኩል ሲገባና ሳይገባ ግን በሩቅ ታውቃለች፤ የአንገትጌ ሥራ ሌላ ምንድነው? የራሙ ወርቃማ ጥርሶች በግራ በኩል ጠልቀዋል፣ በቀኝ በኩል የክር ውፍረት ያህል ብቅ ብለዋል።

«ልጄ፣ ቅድም ለአባትሽ ያነበብሽለትን እስቲ ድገሚልኝ።»

ልጅቱ ስልኳን አነሣች። «ቀዳዳው ላይ... በቀስታ...»

«ያልሽውን አይደለም። የተጻፈውን።»

ልጅቱ ፊትዋ ቀላ። አነበበች፦ «ጥርሶቹ ሙሉ በሙሉ እስኪገቡ በኃይል ይግፉ። ከዚያም ጠቅ የሚል ድምፅ እስኪሰሙ ድረስ ወደ ታች ይጫኑ። አይፍሩ።»

«አይፍሩ ነው የሚለው?»

«እማዬ፣ እንዴት አድርጌ ነው ለአባዬ በኃይል ግፋ የምለው? ጠረጴዛው ይተርፍ ነበር?»

እነሆ የተማረ ሰው ሥራ! መመሪያው ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው የኖረውን ሰው አግኝቶ ሳለ፣ ሳንሱር አድርጋ ለስላሳውን ብቻ አነበበችለት። እናትየዋ ግን አልተቆጣችም። እሷም ብትሆን ያንኑ ታደርግ እንደነበር ታውቃለች።

የመብራቱን ገመድ ነቀለችና ወደ ወጥ ቤት ተጣራች። «ና፣ አንተ ሰውዬ።»

«ተይኝ በናትሽ።»

«ና ተጫነው።»

ከበሩ ላይ ቆመ። «ምን?»

«ይሄን። በአውራ ጣትህ። ግፋው ይላል።»

«ማነው የሚለው?»

«መመሪያው። ልጅህ ዘልላው ነው።»

መዶሻ ልጁን አየ፤ ልጁ አንሶላውን አየች።

«እንደ ቧንቧ?» አለ።

ሚስቱ አሰበች። «እንደ ቧንቧ አይደለም። እንደ ግማሽ ቧንቧ።»

እጁን በጨርቅ አደረቀ። ቧንቧዋን ሄዶ ጨበጣት። ተመልሶ መጣ፣ አውራ ጣቶቹን በሁለቱ ጫፎች ላይ አሳረፈ፣ ቀና ብሎም ሚስቱን አየ። ሚስቱ በቀስታ አላለችም። ገፋው። ወደ ታች ተጫነው። ጠቅ አለ፤ ንጹሕ፣ አጭር፣ የጠበቀ ነገር ድምፅ። ይህን ድምፅ ዕድሜ ልኩን ያውቀዋል።

አበሩት። ሴትየዋ እንደ ልማዷ ካውያዋን ልታነሣ ዞረች፤ ጣቷ እጀታው ላይ ሳያርፍ ልጅቱ «ከፈተ!» አለች። ተመለሰች። ትልቁን ልክ ከፈተችው፤ እጅጌው፣ አንገቱ፣ ጀርባው ቦታ ቦታቸውን ይዘው ተዘረጉ። እጅጌውን አስረዘመችው። እሺ አለ። ትከሻውን አሰፋችው። እሺ አለ። ሴትየዋ ሳታስበው ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ክዳኑ እንዳልተገጠመም ረሳች።

«ቆይ፣ ልግጠመው» አለ መዶሻ።

ብሎኖቹን ከስፒል ትራስዋ ላይ አንድ በአንድ ሰጠችው። ልጅቱ አንድ ቃል ልትናገር አፏን ከፈተች፤ እናቷ በክርንዋ ጎሸም አደረገቻት። ሰውየው አጠበቀ፤ በሙሉ ልቡ አጠበቀ።

ቅዱ ሰኞ ለትምህርት ቤቱ ደረሰ። አዋጁ አልተሻረም፤ እንዲህ ያሉ አዋጆች አይሻሩም። አንድ አንቀጽ ብቻ ተጨመረበት፦ ሲጠሩት ይነካል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጅቱ አዲስ ባትሪ ገዝታ መጣችና ራሷ ልትገጥመው ካቻቢቴ አነሣች። ብሎኑ ንቅንቅ አልል አላት። ጨርቅ ይዛ ሞከረች፣ ቆማ ሞከረች፣ ጥርሷን ነክሳ ሞከረች። ጥገና ቤት ወሰደችው፤ ባለሙያው ላብ በላብ ሆኖ «ማነው የገጠመው?» አላት። ይዛው ተመለሰች።

እናቷ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ሳትል፣ «ምን ያለፋሻል? አባትሽን ጥሪው» አለች።