ለወንድሜ ፊት የሚሆን ወረቀት

ለለቅሶው ድንኳን ያሳተምነው ፎቶ ወንድሜን አይመስልም። ለሥራ ማመልከቻ የተነሳው ጉርድ ፎቶ ነበር፣ ፎቶ ቤቱ በኮምፒውተር አቅልቶታል። ወንድሜ ጥቁር ነው። ጥቁር ነበር። የሰፈር ልጆች ከሰል እያሉ ሊያበሽቁት ሲሞክሩ «አቤት» ይላቸው ነበር።

እማዬ ከድንኳኑ አንስተን ሳሎን የሰቀልነውን ፎቶ አየችና «ይሄ የማን ልጅ ነው?» አለች። የጠየቀችው ግን ማንንም አልነበረም። ትምህርት ቤት ሥዕል እሞክር ስለነበር እኔ እስለዋለሁ አልኳት። የራሷን ልጅ ፊት ግድግዳው ላይ እንድታይ ነበር የፈለግኩት፣ ሌላ ምንም።

መጀመሪያ በፎቶ ኮፒ ወረቀት ሞከርኩ። ልሙጥ ስለሆነ ሽፋሽፍት እንኳ አንድ በአንድ ይወጣበታል። ግን አይጠቁርም። በተለመደው የትምህርት ቤት እርሳስ፣ በኤች ቢ፣ ስመላለስበት እንደ ቆርቆሮ አብለጨለጨ። ጉንጩ ግራጫ ሆኖ ቀረ። በላጲስ ሳሸው ወረቀቱ ተላጠ።

ዓለም ባንክ ሰፈር ወዳለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሄድኩ።

«ሰው ልስልበት ነው፣ የሚጠቁር እርሳስ አለህ?»

«ሁሉም ይጠቁራል ወንድም፣ እጅህ ነው የሰነፈው» አለ ባለሱቁ እየሳቀ። «ለቆንጆ ነው ለፉንጋ?»

«ለወንድሜ ነው። ሞቶብኝ ነው።»

ሳቁ ቆመ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለና ጎንበስ ብሎ ለስላሳውን እርሳስ፣ ሲክስ ቢ የሚባለውን፣ ከሥር አወጣልኝ። አቧራ የለበሰ የውሃ ቀለም ወረቀትም ነበረው። በአውራ ጣቴ አሸሁት። የፊት ገጹ በጣም ሻካራ ነው፤ ጥቁሩን ይይዛል፣ ቀጭን መስመር ግን ይቆራርጣል። ጀርባው ለስለስ ይላል። በጀርባው ልሠራ ወሰንኩ።

ዓይኑን በኤች ቢ፣ ጫፉን በምላጭ አሹዬ ሠራሁ። ጥላውን በለስላሳው። ቅርጹን ከፎቶው ወሰድኩ፣ ጥቁረቱን ከራሴ ትዝታ። በዚህኛው ወረቀት ጠቆረልኝ።

እማዬ ደጋግማ አየችው።

«መልኩ የሱ ነው» አለች። «ግን ይሄ የታመመው ነው።»

ያኔ ነው ያየሁት። ጉንጩ ጎድጉዷል። ዓይኑ ሥር ያኖርኩት ጥላ ፎቶው ላይ የለም። የኩላሊት ሕመም ከጣለው በኋላ አልጋው አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ፣ እጄ የሚያውቀው ያንን ፊት ብቻ ነው። ለስላሳ እርሳስ ደግሞ እንዲህ ያለ ወረቀት ውስጥ አንዴ ከገባ በላጲስ ጠርቶ አይወጣም። ጥላ እየጨመሩ ፊቱን ማክሳት ይቻላል። ማወፈር አይቻልም።

«ልቅደደው?»

«አትቅደደው። ግን አትስቀለው።»

ሌላ ወረቀት አወጣሁ። ከመታመሙ በፊት የነበረውን ፊቱን ላስታውስ ሞከርኩ። ድምፁ መጣ። ቤቴል ሰፈር ታክሲ ውስጥ እየተጋፋ ሲገባ ጀርባው መጣ። ፊቱ አልመጣም።

«እማዬ፣ ጉንጩ እንዴት ነበር?»

ከማጀት ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ባዶው ወረቀት ላይ ጣቷን አሳረፈች። «እዚህ ጋ ሞላ ያለ ነበር። እዚህ ጋ ደግሞ ሲስቅ ይሰረጉዳል። አታስታውስም?»

ጣቷ የወጥ ዘይት ነበረው። ዘይት የነካው ወረቀት እርሳስ ሲያልፍበት እድፍ ሆኖ ይቀራል፣ አይጠፋም። አልነገርኳትም።

«ቀጥዪ» አልኳት።