ያልተቆጠሩት አምስት ቀናት

በአያ በድረዲን ዛሬም እናደዳለሁ። ጽሕፈቱን በቃኝ ብሎ ጠረጴዛውን ጥሎልኝ ከሄደ ሦስት ወሩ ነው፤ ንዴቴ ግን ሲያድር እንባ እየሆነ አስቸገረኝ።

ቆቦ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከግራሩ ጥላ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ለባለጉዳይ አቤቱታ ስንጽፍ ኖረናል። ራፖር ጸሐፊ ይሉናል። ሕግ አልተማርንም፣ ፈቃድም የለንም። የእሱ ጽሕፈት ግን! ዋጃ ድረስ ስሙ ይጠራ ነበር። «ይድነቃቸው፣ ያንተን ጽሑፍ ዳኛ ሳይሆን ጠንቋይ ነው የሚያነበው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

አምና ክረምት አሲያ መጣች፤ ባሏ የሞተባት የጎብዬ ሴት ናት። የባሏ ወንድም መሬቷን ተከራክሯት ሐምሌ ሃያ ተፈርዶለታል። ይግባኝ ለማለት ስልሳ ቀን አላት። አያ በድረዲን «ሁለት ወር ማለት ነው፤ አብሽሪ፣ እስከ መስከረም ሃያ ጊዜ አለሽ» አላትና አሳምሮ ጻፈላት። መስከረም አሥራ ስምንት ወልድያ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ብትደርስ፣ ጊዜው አልፏል ብለው መለሷት።

ወረቀቱን ይዛ መጥታ «አያ፣ አፉ በለኝ። ያልከኝን ቀን እኔው አሳስቼ ሰምቼህ ይሆናል፤ ሚኒባስ አጥቼ አንድ ቀን ባልውል ኖሮ ልፋትህ ከንቱ ባልቀረ» አለችው።

እሷ ስትሄድ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይድነቃቸው፣ ጳጉሜን ዘልያታለሁ።»

ደመወዝ የማይከፈልባት፣ ማንም ወር ብሎ የማይቆጥራት ጳጉሜ! አምስቱ ቀኖቿ ከስልሳው ውስጥ ነበሩ። ቀኑ ያለቀው መስከረም አሥራ አምስት ነው።

«ዝም በል» አልኩት። «እሷ እንደሆን አላወቀች። ለእንጀራችን እዘን እንጂ!» አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ለአሲያ አልነገራትም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቀልዱ ጠፋ።

ግንቦት ላይ ረቂቅ ሕግ መጣ ተባለ፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ለባለጉዳይ አቤቱታ አይጽፍም የሚል። ለውይይት አዳራሽ ተጠራን። ባለጉዳዮችም መጥተው ነበር፤ አሲያ ከኋላ ተቀምጣለች። እኛ ጸሐፊዎቹ እንዲከራከርልን የመረጥነው አያ በድረዲንን ነው። ከእሱ የተሻለ ማን አለን?

ተነሣና «ይከልከል» አለ።

ኮቱን ጎተትኩት። መች ሰማኝ!

«ጠበቃ ቢያጠፋ የሚጠይቀው ጉባኤ አለ፣ ፈቃዱን ይነጥቀዋል። እኔ ግራር ሥር ተቀምጬ የሰው መሬት ሳስወስድ ማን ጠየቀኝ? ጭራሽ እሷው አፉ በለኝ አለችኝ!» የጳጉሜን ነገር አንድ ሳያስቀር ተናገረ። እኔ በሆዴ ሰደብኩት። የስንታችንን ቤት በአንድ አፍ ዘጋው!

አሲያ ቀስ ብላ ተነሣች።

«አያ፣ እና ያች የሚኒባሷ ቀን አይደለችም?»

«ወላሂ አይደለችም፣ እህቴ። በማግሥቱም በዋዜማውም ብትሄጂ አልፎ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ስለ መሬቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ሀስና ልጄ ‹የአባቴን መሬት በስንፍናሽ በላሽው› ብላ ከመስከረም ወዲህ አታናግረኝም እኮ» አለች።

ስምንት ወር ሙሉ። ዝም በል ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።