ግድግዳው ያሳለፈው ዜማ

በእኔ ዘመን ደብረ ታቦር ውስጥ ራዲዮ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ደብር ውስጥ ነው፤ ራዲዮ የተማርኩት ደግሞ ራዲዮ ፈትቼ ነው። ከእብናትና ከሐሙሲት በበቅሎ ተጭኖ የመጣ ራዲዮ፣ ጎንደር ያሉ ሠሪዎች “ሞቷል” ብለው የመለሱት ሳይቀር፣ እኔ እጅ ሲገባ ይናገር ነበር። ሌላው ሠሪ ከፍቶ በዓይኑ ይፈልጋል፤ እኔ ሳልከፍተው ሰምቼ በሽታውን እናገራለሁ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ትንሽ ብመካም ያምርብኛል።

በቀይ ሽብር ጊዜ የያዙኝም በዚሁ ሙያዬ ነው። ሱቄ ውስጥ ያገኙትን ሽቦና የተፈታታ ራዲዮ ሰብስበው “የመልእክት ማስተላለፊያ ነው” አሉ። “ጓዶች፣ ይህ እንኳን መልእክት ሊያስተላልፍ ዜናም አያሰማም፤ ድምፅ ማጉያው ተቀዷል” ብላቸው አንዱ በጥፊ መለሰልኝ።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። የገብስ አቧራው ሽታ ገና አልለቀቀውም። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር ባለች ቀዳዳ ነው። በሩ አጠገብ አንድ የሐሙሲት ከብት ነጋዴ ተቀምጧል። ሥራዬን ጠይቆኝ ስነግረው፣ “በሉ ተጠጉላቸው፤ ሊቀ ራዲዮ መጥተዋል!” አለ። ከዚያ ወዲያ ስሜ እርሱ ሆነ።

ግድግዳው ሥር አንድ ወጣት መምህር ተኝቷል። በምርመራ መንጋጋውን ሰብረውታል፤ አፉን መክፈት አይችልም። መናገር ሲፈልግ ወለሉ አቧራ ላይ በጣቱ ይጽፋል። ታሪኩን ያወቅሁት እንዲያ ነው። አባቱ ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ልጁ ሲደበቅ በእርሱ ፋንታ አባቱን አሰሩ። አባቴን ይፍቱልኝ ብሎ እጁን ሰጠ። አባቱን አልፈቱም፤ እርሱንም ጨመሩ።

መሪጌታው የታሰሩት ከዚያው ግድግዳ ማዶ ነበር። ውሃ የሚያድለን እስረኛ አንድ ጠዋት፣ “ሽማግሌው እህል ከቀመሱ ሰነበቱ። ልጅህን ገድለነዋል ብለዋቸዋል” አለን።

“አለ በላቸው እንጂ!” አለ ነጋዴው።

“ብያለሁ። ‘እህል እንድቀምስ ብላችሁ ነው የምትዋሹኝ፤ ድምፁን አሰሙኝ’ አሉ።”

ወጣቱ ግድግዳውን በቡጢ መምታት ጀመረ። እጁን ያዝኩት። ግድግዳ ማንም ይመታል፤ የማን ቡጢ እንደሆነ አይለይም፤ ያውም ዘበኛ ይጠራል።

ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ። ማዶ ሰዎች ያወራሉ፤ ቃላቸው ግን አይለይም። ወፍራሙ ድምፅ ያልፋል፤ ቃልን ቃል የሚያደርገው ቀጭኑ ፉጨት ጭቃው ውስጥ ይቀራል። ድምፅ ማጉያው የታፈነ ራዲዮ እንዲህ ነው፤ ዜናው አይገባህም፣ ዜማው ግን የማን እንደሆነ ታውቃለህ። ስለዚህ ግድግዳው የማይሸከመውን ጥለን የሚሸከመውን ብቻ መላክ ነበረብን። ለዚያ ደግሞ አፍ መክፈት አያስፈልግም። ግድግዳውን በጣቴ እየቆረቆርኩ ከወዲህ እስከ ወዲያ የሚዘልቅ አንድ ትልቅ ድንጋይ አገኘሁ።

“ግንባርህን እዚህ ላይ አድርግ” አልኩት። “አፍህን እንደዘጋህ አንጎራጉር። አባትህ ያስተማሩህን፣ በወፍራሙ።”

ሌሎቹን ዝም አሰኘሁ። ወጣቱ የውዳሴ ማርያምን ዜማ ጀመረ። አጥንቱ እየጠዘጠዘው ላቡ ይወርዳል። ዝቅ መደረግ ያለባት አንዲት ሐረግ ላይ ሲደርስ ከፍ አደረጋት። የደብር ልጅ ነኝና ወዲያው ያዝኩት።

“ተሳሳትህ” አልኩት።

አቧራው ላይ “ሁልጊዜ ነው። በእርሷ ስገረፍ ነው ያደግሁት” ብሎ ጻፈ።

ማዶው ጸጥ አለ። ከዚያ የሽማግሌ ድምፅ በድንጋዩ ውስጥ መጣ። ያችኑ ሐረግ ብቻ፣ ዝቅ አድርገው፣ በትክክሉ። እያረሙት ነበር። ልጁ ደግሞ በስሕተቱ መለሰላቸው። እንደገና አረሙት። መሪጌታው በዚያ ቀን እህል ቀመሱ።

ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በየቀኑ እንዲያ ሆነ። አንዴ ዘበኛው በሩን ከፍቶ “ማነው የሚያቃስተው?” አለ።

“መንጋጋው ነው፣ ጓድ” አለ ነጋዴው። “እናንተው አታውቁትም?”

ዘበኛው በሩን መልሶ ዘጋው።

አንድ ጠዋት ወጣቱን ጠሩት። ጋቢውን ሊያነሣ ሲል “ተወው፣ አያስፈልግህም” አሉት። ጋቢውን እኔ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሪጌታው ሐረጓን አዜሙና ጠበቁ። ደገሙና ጠበቁ።

“ሊቀ ራዲዮ” አለ ነጋዴው ቀስ ብሎ፤ “ሽማግሌው ተመልሰው እህል ሊተዉ ነው።”

ግንባሬን ድንጋዩ ላይ አደረግሁ። ልጁን ሆኜ አዜምኩ፤ ድምፁን፣ አካሄዱን፣ ስሕተቱን ሳይቀር። እንደ እኔ አድርጎ የሚቀዳ ጆሮ በአገሩ አልነበረም። ነጋዴው መስማቱ ከበደውና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

ከማዶ እርማት አልመጣም።

በማግስቱ ውሃ አዳዩ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። “ለዚያ ለሚያዜመው ሰው ንገርልኝ ብለዋል። ‘ዜማው የልጄ ነው፤ ትንፋሹ ግን ያንተ ነው። ልጄ ሐረጓን ከማንሣቱ በፊት ዐረፍ ብሎ ይተነፍስ ነበር፤ አንተ ካነሣህ በኋላ ተነፈስህ። መቼ ነው የወሰዱት?’ ይላሉ።”



“ትናንት ጠዋት በላቸው” አልኩ።

ሄዶ ተመለሰ። “‘እንግዲያው ያ ጆሮ ያለው ሰው ዛሬ በዜማ ይቀበለኝ’ አሉ።”

ያን ጊዜ ለተገደለ ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ሬሳውም አይሰጥም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መሪጌታው ፍትሐት ጀመሩ። ቃል የለውም፤ ዜማ ብቻ ነው። እኔ ከወዲህ ሆኜ ተቀበልኳቸው። ማንም ሳያዝዝ ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ።

በሩ ተከፈተ። “ለምንድነው የቆማችሁት?” አለ ዘበኛው።

“እግራችን ደንዝዞ ነው፣ ጓድ” አለ ነጋዴው። እንባው አገጩ ላይ ደርሷል።

በነጋታው ውሃ አዳዩ ከብብቱ ሥር የገብስ ዳቦ አወጣ። መሪጌታው ከቤት የመጣላቸውን ስንቅ ቆራርሰው ለእስረኛው አድለው ኖሯል። “‘የልጄ ተዝካር ነው፤ ቅመሱልኝ’ ብለዋል” አለ።

“እርሳቸውስ?”

“ቀምሰዋል።”

አሁን አርጅቻለሁ። በቀደም አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የስልክ መሐንዲስ፣ ስልክ የሰውን ድምፅ እንዳለ እንደማይልክ አስረዳኝ። ዋና ዋናውን ለይቶ ይልካል፤ ማዶ ያለው ስልክ ከዚያ ተነሥቶ ድምፁን መልሶ ይሠራዋል። “ይህን እኔ እስር ቤት ሆኜ ሠርቼዋለሁ” አልኩት። በትሕትና ሳቀ። ልቀጥልለት አሰብኩና ተውኩት፤ እስክንወርድ ድረስ መስኮቱን ሳይ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ቤት የቻልኩትን ቁጠሩልኝ። ቃል የማያሳልፍ ግድግዳ ዜማ እንዲያሳልፍ አደረግሁ። መናገር የማይችል ልጅ ከአባቱ ጋር እንዲነጋገር አደረግሁ። በምርመራ የገረፉኝ ሰዎች ከአፌ የሰው ስም አላገኙም። ካህን ሳልሆን ፍትሐት ተቀበልኩ። መሪጌታው ልጃቸው በሕይወት መኖሩን ያወቁት በእኔ ነው፤ መሞቱንም ያወቁት በእኔው ነው። የተዝካሩን ቁራሽ፣ የልጁን ጋቢ እንደለበስኩ፣ ዋጥኩት።