የራዲዮኑን መምህር ያቋረጠችው ዕጩ

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ ዕጩ መምህራንን በራዲዮ እየታገዙ ክፍል ማስተማር አለማምድ ነበር። ብዙዎቹ ሥራው ራዲዮኑን ከፍቶ መቆም ይመስላቸዋል፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ራዲዮ ተማሪ አያይም። በክፍሉ ውስጥ ዓይን ያለው መምህሩ ብቻ ነው፤ እየተዘዋወረ የዘገየውን ካልረዳ፣ በሰሌዳ ካላሳየ፣ ቤቱ ቢቀመጥ ይሻላል።

ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ በጀልባ የመጣች አንዲት ዕጩ ግን አስቸገረችኝ። የመምህሩን መምሪያ በቃሏ ታውቀዋለች። ራዲዮኑ መናገር ሲጀምር እጇን አጣምራ፣ አንገቷን ደፍታ ቀጥ ትላለች። ሁለት ጊዜ ፈትኜ ሁለቴም ጣልኋት።

«ምነው፣ እግርሽ ታሰረ?» አልኋት ተቆጥቼ።

«መምህር፣ ትልቅ ሰው እየተናገረ እንዴት ብየ ላቋርጥ?»

እውነቷን ነው፤ በራዲዮ የሚያስተምሩት ሰው ድምፃቸው የሽማግሌ ነበር። ግን ሦስተኛው ፈተና የመጨረሻዋ ነው። ከወደቀች ያለ ምስክር ወረቀት ወደ ደልጊ መመለሷ ነው።

በፈተናው ቀን ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡ ተቆጣጣሪ፣ የአንደኛ ደረጃ ልጆች በሞሉበት ክፍል ከኋላ አጠገቤ ተቀመጡ። ትምህርቱ ክፍልፋይ ነበር። ራዲዮኑ «ከግማሽና ከሩብ የቱ ይበልጣል?» ብሎ ጠየቀና ጥቂት ዝም አለ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ሩብ!» አሉ፤ አራት ከሁለት ይበልጣላ!

«ጎበዞች!» አለ ራዲዮኑ።

ልጆቹ አጨበጨቡ። እሷ እንደ ልማዷ አቀርቅራለች። አለቀላት ብዬ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ያን ጊዜ ቀና አለች። ወደ ራዲዮኑ ተጠግታ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችና «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ልጆቹ ተሳስተው ነው» ብላ ድምፁን ቀነሰችው።

ተቆጣጣሪው ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑ። እሷ ግን እኛንም ረስታናለች። አንድ ወረቀት ለሁለት፣ ሌላውን ለአራት ቀደደች። «ዳቦ ቢሆን የቱን ቁራጭ ትወስዳላችሁ?» ስትል ክፍሉ በሁካታ ተሞላ፤ ግማሹን ያልፈለገ የለም። ከዚያ ድምፁን መልሳ ከፍ አደረገችና የቀረውን ትምህርት በየወንበሩ እየዞረች፣ የዚህን ደብተር እያየች፣ ያንን እያረመች ጨረሰችው። ኮራሁባት። የራሴ ልጅ ብትሆን እንኳ ከዚያ በላይ ደስ አይለኝም።

«አልፋለች» ብዬ ፈረምሁ። ተቆጣጣሪው ከጎኔ ፈረሙና ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«ጓድ፣ ራዲዮን በትሕትና ማቋረጥ እርስዎ ነዎት ያስተማሯት?»

«አዎ» የሚለው ቃል ከአፌ ደርሶ ነበር።

«ከቤቷ ይዛው የመጣች የእናቷ ትምህርት ነው» አልኋቸው። «እኔማ በዚሁ ትሕትናዋ ሁለት ጊዜ ጥያታለሁ።»