ኦቦ ቶሎሳን ያሻገረው ሻንሲ

ከቤቴ ማዶ በቅርቡ የተከፈተው ብየዳ ቤት ብረት በቆረጠ ቁጥር የእሳቱና የዝገቱ ሽታ አጥሩን ዘሎ በረንዳዬ ድረስ ይመጣል። ልጆቼ ሳል ይቀሰቅስብዎታል፣ ይግቡ ይሉኛል፤ እኔ ግን ወንበሬን ወደ ሽታው ጠጋ አደርጋለሁ። ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ሰበታ አንድ ጋራዥ ውስጥ የተጣመመ ፌሮ ሳቀና ያደግኩት በዚህ ሽታ ነው። ያሳደጉኝ ባለ ጋራዥ ብረት ሲገዙ በመዶሻ ጫፍ ነካ አድርገው ጆሯቸውን ይሰጡታል፣ ቀጥለው እኔን አንኳኳ ይሉኝና የሰማሁትን ይጠይቁኛል። ቀጭኑ እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫል፣ ወፍራሙ ቆየት ብሎ ከሆዱ ይመልሳል። ፊደሉን ከትምህርት ቤት አመጣሁ፣ የቀረውን በጆሮዬ ተማርኩት።

ሽታው ግን ልጅነቴ ላይ አይቆምም፤ እየጎተተ ወደዚያ ክፉ ሰሞን ይወስደኛል። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መሬታችንን ሊወስድ ነው ተብሎ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም እንደ ድስት የተንተከተኩበት ጊዜ ነበር። ያኔ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ፋብሪካ አጥር ሥር የራሴ ትንሽ ብየዳ ቤት ነበረችኝ። ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ደግሞ ከወንድሞቻቸው ጋር ከብት ሸጠው ያመጧት አሮጌ ባለ ጎማ እስካቫተር ነበረቻቸው፤ የመሠረትና የሽንት ቤት ጉድጓድ እየቆፈረች ሦስት ቤተሰብ ታበላለች። ቢፍቱ ይሏታል፣ ፀሐይ ማለታቸው ነው፤ በጠዋት ግን ተነስታ አታውቅም።

በዚያ ሰሞን እስካቫተር ማለት ቤት አፍራሽ ማለት ሆኖ ቀረ። ቡራዩ ላይ አንዱን አቃጠሉት የሚል ወሬ መጣ፣ እውነት ይሁን ውሸት ያጣራ የለም። ፋብሪካም እየተቃጠለ ነው ይባል ነበር፤ የእኛው ቢቀጣጠል እሳቱ መጀመሪያ የሚያገኘው አጥሩ ሥር የምትቆመውን እሷን ነው። ኦቦ ቶሎሳ ተፍኪ ከተማ በምትኖረው እህታቸው ጓሮ ሊያስጠጓት አሰቡ። በራሷ ጎማ አስፋልቱን ይዛ ብታዘግም ያየ ሁሉ ስለሚያያት፣ እኔ በሠራሁት ተሳቢ ላይ ጭነን፣ ሸራ አልብሰን፣ በላዩ ገለባ ነስንሰን በጓሮ መንገድ ልናሳልፋት ተስማማን። ተሳቢው አለ፤ የእህታቸው ልጅም የሚጎትተውን መኪና ደጅ አቁሞ ይጠብቃል። የሌለው መወጣጫው ነው።

ኦቦ በማለዳ የሚያብረቀርቅ አዲስ ቱቦላሬ አስጭነው መጡ። «ይኸው መኮንን፣ ቀላል ነው። እኔና አንተ እናነሳዋለን፣ ሰው አንጠራም» አሉኝ። ገባኝ። መንገዱ ላይ ድንጋይ የሚደረድሩት የሰፈራችን ልጆች ናቸው፤ ኦቦ ባለ ማሽን ተብለው በገዛ ሰፈራቸው ልጆች እንዳይጠሉ ይፈራሉ፣ እኔ በልጅነቴ ከጎጃም የመጣሁ ነኝና በዚያ ሰሞን ስሜን ስናገር ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር።

ቱቦላሬውን አንኳኳሁት፣ ተንጫጫ። ለበርና ለመስኮት የሚሆን ነው። ቢፍቱ መሃሉ ላይ ስትደርስ እንደ ሸንበቆ ይታጠፋል፤ መሪው ላይ የሚቀመጡት ደግሞ ኦቦ ራሳቸው ናቸው። ግቢዬ ጥግ ዶሮዎቼ የሚያድሩበት የአሮጌ ጭነት መኪና ሻንሲ ተጋድሞ ነበር። እሱን መታሁት፣ ከሆዱ መለሰልኝ። ዶሮዎቹ እየተሳደቡ ወጡ። ቆረጥኩት፣ ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን ገጥሜ ሁለት መወጣጫ አወጣሁ፣ ጎማው እንዳይንሸራተት ኤል ብረት ረበረብኩበት፣ ጫፉ ላይ ተሳቢውን የሚነክስ መንጠቆ በየድኩ። ሲያልቅ እኔና ኦቦ አንዱን ልናነሳ ብንሞክር ወገባችን እንጂ ብረቱ አልተንቀሳቀሰም።

«አየህ» አሉኝ ኦቦ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ብረቱን መረጥክ። አሁን ደግሞ ሰው ምረጥ።»

በሩን ከፍቼ፣ ኑ የሚለውን በኦሮምኛ አድርጌ፣ «ኮታ፣ እጅ አበድሩን» ብዬ ተጣራሁ፤ ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። መንገዱ ላይ ድንጋይ የሚደረድሩት ልጆች ተያዩ። ከዚያ ለሚ የሚባለው የወፍጮ ቤቱ ልጅ ከፊት ሆኖ መጡ፣ ግቢውንም ሞሉት። ለሚ ማሽኗን ዞራትና «ይቺ የማንን ቤት ልታፈርስ ነው?» አለ። ማንም አልሳቀም።

ኦቦ ማሽኗ ላይ ወጥተው መሪውን ይዘው ነበርና ከላይ አዩት። «የአባትህን ሽንት ቤት የቆፈረች ናት። ከጠላሃት ጉድጓዱን መልስልኝ።»

አንዱ ከኋላ በሳቅ ፈነዳ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ለሚ ሳቁን ሊደብቅ ጎንበስ ብሎ ብረቱን ያዘና «አባባ፣ ይሄ መወጣጫ ነው ወይስ የባቡር ሐዲድ?» አለኝ። ሆ ብለው አነሱት፣ መንጠቆው ተሳቢውን ነከሰ።

ቢፍቱ እያጓራች የፊት ጎማዋን አወጣች። ወገቧ መወጣጫው መሃል ሲደርስ ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተሰማ፣ ቀጥሎም የሚሮጥ ሰው ጫጫታ። ኦቦ ደነገጡ መሰለኝ፣ ማሽኗ ወደ ኋላ ሸርተት አለች፤ የመወጣጫው እግር ጭቃውን እየሰነጠቀ ሲንሸራተት መንጠቆው ሲጢጥ ሲል ሰማሁት። ልጆቹ ቢሮጡ ማን ይወቅሳቸዋል፤ ጓደኞቻቸው ያሉት እዚያ ነው፣ ጥይቱም ወደዚህ ሊመጣ ይችላል። ለሚ ግን መወጣጫው እግር ላይ ቆመ፣ ሌሎቹም ትከሻ ለትከሻ ተደራርበው ቆሙ፣ ግማሾቹ ድንጋይ ወሸቁለት። ለመንገድ መዝጊያ የሰበሰቡት ድንጋይ ነው። «ኦቦ፣ ወደ ኋላ አይዩ። ይንዱ ብቻ» አለ ለሚ፣ ቀስ ብሎ፣ ልጅ እንደሚያባብል። ሻንሲው ቃተተ እንጂ አልታጠፈም። ኦቦ ተሳቢው ላይ ወጡ።

ሸራውን አብረውን አሰሩ፣ ከዚያ ወደ ተኩሱ ሮጡ።

ቢፍቱ ተፍኪ በሰላም ገባች። ብዙም ሳይቆይ ቤት ለቤት እየተዞረ ወጣት ሲታፈስ ለሚም ተወሰደ። ኦቦ ቶሎሳ ከእናቱ ጋር እየተፈራረቁ ምሳ ዕቃ ይዘው ጣቢያው በር ላይ ይቆሙ ነበር፤ ዘበኛው ልጅዎ ነው ወይ ሲላቸው አዎ ይላሉ። ሲፈታ ከስቶ፣ ዝምተኛ ሆኖ ወጣ፤ ሱሉልታ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ኦቦም አረፉ።

ያ ግቢ ዛሬ ፎቅ ቤት ነው፣ አጥሩ ላይ ሽቦ ተጠምጥሟል። አሁን በደጄ የሚያልፉት ወጣቶች ጨዋ ናቸው፣ ሰላም ይሉኛል፣ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ከባድ ነገር ቢገጥመኝ ግን ማንን ብዬ እንደምጣራ አላውቅም። የማን ልጆች እንደሆኑ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።