ለሁለት የምንነዳው ትራክተር

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የተምር ዛፎቹን ውሃ ማጠጣት ነበር። ቀኑ ረቡዕ ነው። ፀሐይ ሳትበረታ ለመጨረስ ገና ሲነጋ ጀመርን። ባለቤቴ ትራክተሩን አስነሣ፣ ዝቅተኛው ማርሽ ውስጥ ከተተው፣ መሪውን ለእኔ ለቀቀና ወረደ። ትራክተሩ ከሰው እርምጃ ባነሰ ፍጥነት እየተንፏቀቀ ሄደ። ከኋላ ተሳቢው ላይ የውሃ ሮቶው አለ፤ ከሮቶው የሚወጣውን የውሃ ጎማ ይዞ እሱ በእግሩ ይከተለኛል፣ ለየዛፉ ሥር ድርሻውን ይሰጣል። የእኔ ሥራ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው።

«እመቤት፣ ወደ ግራ ሳብ አድርጊው እንጂ! ዛፉን ልትገጪው ነው።»

«የተጣመመው ዛፉ ነው።»

«ዛፉማ አንቺ ሳትመጪ ቀጥ ያለ ነበር።»

ሦስት ጊዜ ዞርን፣ ውሃው አለቀ። ሻይ ጠጣን። የትራክተሩ የኋላ ጎማ አየር እየለቀቀ ነው አለኝ፤ ነገ ታየዋለህ አልኩት። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ደረቴን ጨመቀኝ አለ። ታክሲ ለማግኘት ዋናው መንገድ ድረስ ሮጥኩ። ሆስፒታል ደረስን፤ ሳይመሽ አረፈ። ከዚህ በላይ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም።

የምንኖረው በሰው አገር፣ በወደቡ ከተማ አምቡሊ በሚባል ሰፈር ነው፣ በደረቁ ወንዝ ዳር ካለ አንድ የአትክልት ቦታ ውስጥ። ድሮ ገጠር ነበር ይላሉ፤ አሁን ከተማው በሦስት በኩል ከቦታል፣ አውሮፕላኖቹም በራሳችን ላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። አጥሩ ውስጥ ግን ዛሬም ገጠር ነው፤ የተምር ዛፍ፣ ፍየሎች፣ ጉድጓድ፣ ከእኔ ዕድሜ የማያንስ ትራክተር። ዝናብ ሲመጣ ወንዙ አሸዋውን አምጥቶ በር ላይ ይከምረዋል፤ ያንን መግፋት፣ የፍየሎቹን በጠጥ ማውጣት፣ ሣር ማምጣት፣ ውሃ ማመላለስ፣ ሁሉም የትራክተሩ ሥራ ነው። ባለቤቴ ወጣትነቱን በሙሉ ከአዲስ አበባ ወደዚህ ከተማ ወደብ ከባድ መኪና ሲያመላልስ ኖሮ፣ ወገቡ እምቢ ሲል ነው እዚህ የገባው። እኔ ያኔ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ከአንድ ቤተሰብ ጋር ተቀምጬ የቤት ሥራ እሠራ ነበር። ተጋባንና ጓዜን ይዤ ወደዚህ መጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።

በሩ አጠገብ ያለችው አንዲት ክፍል የእኛ ናት። የእኛ ናት እላለሁ እንጂ፣ የትራክተሩ ሰው ክፍል ናት። ትራክተሩን የሚነዳ ይኖርባታል፤ መጀመሪያ ስንገባም የተነገረን ይኸው ነው። የቦታው ባለቤት፣ እኛ ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ክፉ ሰው አይደሉም። ለቀብሩ መኪና የላኩት እሳቸው ናቸው። ግን ዛፍ ውሃ ይፈልጋል። በሁለተኛው ሳምንት መጥተው በሩ ላይ ቆሙና፣ ወጣት ሳሉ ድሬዳዋ በተማሩት አማርኛ፣ «ልጄ፣ ቅዳሜ አንድ ሹፌር ይመጣል። ሚስትና ሁለት ልጅ አለው» አሉኝ። ክፍሏን ልቀቂ ማለታቸው ነው። 

አገር ቤት ያለችው እህቴ በስልክ «ምን ትጠብቂያለሽ? ጠቅልለሽ ነይ፣ ማን አለሽ እዚያ?» ትላለች። እውነቷን ነው። ዋራበሌ ሰፈር የሚኖሩት የአገሬ ሴቶች ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀምጠው ወደየቤታቸው፣ ወደየሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ከአንድም ሰው ጋር በአማርኛ ሳላወራ ቀናት ያልፋሉ። ለፍየሎቹ ስናገር ድምፄ ይሻክረኛል። ነገር ግን እሱ የተቀበረው እዚህ ነው፤ የተኛበት አልጋ፣ በእጁ የለሰነው ግድግዳ ያለው እዚህ ነው። ሌላ ሰው ገብቶበት ከማይ እኔ የትራክተሩ ሰው ብሆንስ ብዬ አሰብኩ። መሪ መያዝ እችላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይዤው የለ?

ዓርብ ጠዋት ሮቶውን ሞልቼ ወጣሁ። ቁልፉን አዞርኩ። ትራክተሩ እሱ እንደተወው ዝቅተኛው ማርሽ ላይ ነበር፤ አንዴ ወደ ፊት ዘለለና እየተንፏቀቀ መሄድ ጀመረ። ደስ አለኝ። የመጀመሪያውን ረድፍ ሳላዛንፍ ጨረስኩ። ከዚያ ውሃው ትዝ አለኝ። የሚያጠጣ ሰው የለም። ልወርድ ቁልፉን መለስኩ። ሞተሩ አልጠፋም። ቁልፉን ነቀልኩት፣ እጄ ላይ ያዝኩት፤ ትራክተሩ መንገዱን ቀጠለ። የፍሪሲዮኑንም የፍሬኑንም ፔዳል ረገጥኩ፤ ለእሱ እግር እንጂ ለእኔ የሚንበረከኩ አልነበሩም። ለካ አንድ ትራክተር ለሁለት ስንነዳ ኖረናል። ማስነሣትና ማቆም የእሱ፣ መሪው የእኔ። እንዴት እንደሚያቆመው አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁም።

ሁለተኛው ዙር ላይ ሐጂ በበሩ ገቡ። ጥላቸውን ዘርግተው ትንሽ አዩኝና ከጎኔ መራመድ ጀመሩ።

«ወዴት ነው?»

«አላውቅም ሐጂ!»

«አቁሚዋ ታዲያ!»

«በምን ነው የምትቆመው?»

«እኔን ትጠይቂያለሽ? እኔ ገዛኋት እንጂ ነዳኋት?»

«ቁልፉ ይኸው እጄ ላይ ነው!»

«ያ አላህ! ውረጂ በቃ!»

«ብወርድ ብቻዋን ትሄዳለች፣ አጥሩን ትደረምሰዋለች።»

«አጥሩን ተዪው፣ ፍየሎቼን!» ፍየሎቹ ግን ቀድመው ሸሽተው ነበር፤ ከግድግዳው ሥር ተሰልፈው ያዩናል። ሐጂ በነጠላ ጫማቸው አሸዋው ውስጥ እየሰመጡ ከእኔ ጋር አንድ ሙሉ ዙር ሄዱ። ናፍታዋ እስክታልቅ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብለው ጠየቁኝ። ትናንት ነው የሞላሁት አልኳቸው።

ሦስተኛውን ዙር ጀመርን። እሱ ሥራ ሲጨርስ እንዴት ነበር የሚያደርገው? በግራ በኩል ይወጣል። አንድ እግሩን ብረቱ ላይ ያሳርፋል። ናፍታ ናፍታ ይሸታል። ያኔ እኔ ሁልጊዜ ወደ ዛፎቹ ነው የማየው፣ የቀረ ደረቅ ሥር እንዳለ። ያኔ እኔ... ጉልበቴን ሰብሰብ አደርጋለሁ። አዎ። በየጠዋቱ፣ እሱ ሳይለኝ፣ እጁ እንዲያልፍ ጉልበቴን ወደ ራሴ እሰበስብ ነበር። ዓይኔ ያላየውን ጉልበቴ ያውቀዋል።

ጉልበቴን ሰበሰብኩና ጎንበስ ብዬ ከመሪው ሥር አየሁ። በጨርቅ የተጠቀለለ የሽቦ ቀለበት አለ። ጨርቁ ከአሮጌ ቀሚሴ የተቀደደ ነው። ሳብኩት። ሞተሩ አንዴ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ።

ከመቀመጫው አልወረድኩም። ጉልበቴንም አልዘረጋሁም። ጎማው ሥር አሸዋው ቀስ እያለ ሲንሸራተት ይሰማኛል። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ፍየሎቹ አዙረው ብዙ ቆዩ። መጨረሻ ላይ ጥላቸውን አጠፉ።

«ሐጂ፣ ያ ሹፌር እንዳይመጣ ይንገሩት» አልኩ።

«ዛሬ ስንት ዛፍ አጠጣሽ?»

«አንድም።»

«አንድም!» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። «እሱ ቢያይሽ ምን ይል ነበር?»

«ዛፉን ገጨሽው ይለኝ ነበር።»

«አልገጨሽም። እኔ አይቻለሁ።» ጫማቸውን አውልቀው አሸዋውን አራገፉ። «ሹፌሩን ትንሽ ቆይ እለዋለሁ። እስከ ረመዳን እንይ። ዛፍ ከደረቀ ግን አላውቅሽም።»

የፍሪሲዮኑን ፔዳል ለመልመድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ተቀምጬ አይሆንልኝም፤ መሪውን ይዤ እቆምና በሁለት እግሬ፣ በሙሉ ክብደቴ እረግጠዋለሁ። የኋላውን ጎማ አስጠገንኩ። በሩ ላይ የተከመረውን አሸዋ ስገፋ አንዱን ምሰሶ ነቅያለሁ፤ ሐጂ ገና አላወቁም፣ ድንጋይ ደግፌ አቁሜዋለሁ። ሁለት ትናንሽ ዛፎች ጫፋቸው ደርቆ ነበር፣ አንዷ አገገመች፣ ሌላዋ ሞተች። ስለሞተችው ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ስለ ሹፌሩ አላነሡም። ረመዳን አለፈ፣ ዒድም አለፈ።

ለእህቴ እንደማልመጣ ነገርኳት። ብቸኝነቱ እንዳልቀለለኝም አልደበቅኳት። ምሳ ስበላ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የምቀመጠው፣ ባዶውን ወንበር ላለማየት። ወንበሩን ለማንሣት ግን አልደፈርኩም።

አሁን ትራክተሩን የምነዳው እኔ ነኝ። በሳምንት ሦስት ጠዋት ውሃ አጠጣለሁ፤ በየዛፉ አቆማለሁ፣ እወርዳለሁ፣ አጠጥቼ መልሼ እወጣለሁ። በቀሩት ቀናት ሣር አመጣለሁ፣ የፍየሎቹን በጠጥ አወጣለሁ።